መንገድ ላይ የቀረ ቃል

ሁሴኖ የእህታቸው ልጅ ቤት አድረው፣ ጠዋት የቀረበላቸውን ጨጨብሳ በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ገፉና ከራሳቸው ስልቻ የገብስ ቆሎ ዘግነው መቆርጠም ጀመሩ። የልጁ ሚስት ዙቤዳ እንደቆመች ደረቀች። ቅቤውን ትናንት ለእሳቸው ብላ ነው የገዛችው። ነጋዴዋ ከብር ከስሙኒ አልወርድም ብላት ስትከራከር ቆይታ፣ «እንግዳ አለብኝ» ብላ ነበር የተቀበለቻት። እንግዳ፣ ያውም የባል አጎት፣ የቀረበለትን ትቶ ስንቁን ሲበላ አይታ አታውቅም። እንዲህ የሚደረገው ጠላት ቤት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ባሏ ከዲሮ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር። የቆሎው ድምፅ ከጆሮው ሲደርስ እጁ ክሩ ላይ ቀረ። ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ በወር ስምንት ብር የሚከራይ፣ ግድግዳው በጋዜጣ የተለጠፈ፣ ጣራው ቆርቆሮ። በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም ሳይሰማ መናገር አይችልም። ሁሴኖም ይህን ሳያውቁ አልቀሩም፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ በኦሮምኛ ዙቤዳን አነጋገሯት።

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን ይሄ ቅቤ በምን እንደተገዛ አውቃለሁ። በእኔ ቃል ነው የተገዛው። የራሴን ቃል መልሼ አልበላም።»

ከዲሮ አስተርጓሚ ነው። ገበሬዎቹ «ከዲሮ ቱርጁማና» ይሉታል። የግብር ሹሙ አማርኛ ሲናገሩ እሱ ለገበሬው በኦሮምኛ ይመልሳል፤ ገበሬው ሲናገር ደግሞ ለሹሙ በአማርኛ ያደርሳል። በዚህ እንጀራው ከአብዛኛው የአሰላ ሰው የተሻለ ይኖራል፤ ኮት አለው፣ የእጅ ሰዓት አለው፣ ሲያልፍ ባለ ሱቆች ቀድመው ሰላም ይሉታል። እሱ ራሱን የሚያየው እንደ ጃንጥላ ነው። ከላይ የሚወርደውን ቁጣ ለገበሬው አለዝቦ ያወርድለታል፤ ከታች የሚወጣውንም ምሬት ለሹሙ አጣፍጦ ያቀርብለታል። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ፖሊሱን በአባቱ ሲሰድቡት እሱ ስድቡን ምርቃት አድርጎ ተርጉሞ ከእስር አድኗቸዋል። ይህን ታሪክ ሲያወራ ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። አጎቱም አንድ ሰሞን ስቀው ያውቃሉ። ያለፈው ዓመት ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። ሁሴኖ በሜዳው ስብሰባ ላይ ተነስተው ብዙ ተናግረው ነበር፤ በትምህርት ስም ግብር ስንከፍል ኖረናል፣ ቤቱን እኛ በእጃችን እንሠራለን፣ እናንተ አንድ መምህር ላኩልን ብለው። ዝናብ አጉረምርሟል፤ ሹሙም «አሳጥረው» ብለዋል። ከዲሮ አሳጠረው፤ «ያመሰግናሉ፤ ምንም ቅሬታ የለንም፤ ግብራችንን በደስታ እንከፍላለን ይላሉ» ብሎ። ይህን የነገራቸው አማርኛ የሚሰማው የእህል ነጋዴ ሀሰኖ ነው። ሁሴኖ ከዚያ ወዲህ እህታቸው ቤት ሲመጡ ከከዲሮ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገሩም። ትናንት ማታ የመጡትም ሌላ ማደሪያ ስላጡ ነው። የየቀበሌው ሽማግሌ ሁሉ ለዛሬው ስብሰባ ወደ ከተማው ተጠርቶ ኖሮ የገበያው ማደሪያ ቤት ሁሉ ሞልቶ ነበር።

አብረው ወጡ። ከዲሮ ጋሪ ልጥራ ቢላቸው በእግሬ እሄዳለሁ አሉት፤ እሱም ከኋላቸው ተከተለ። ሌሊት የዘነበው መንገዱን አጭቅይቶታል። ባለ ጋሪዎቹ ፈረሶቻቸውን እየገሠጹ ያልፋሉ፤ ከባሕር ዛፉ ሥር የእንጨት ሸክማቸውን ያወረዱ ሴቶች ከገዢ ጋር ይከራከራሉ። የገብስ ዋጋ ወርዷል፤ ከአጎራባቿ ከተማ ከኢተያ የመጡት ነጋዴዎች ኩንታሉን በዓምናው ዋጋ አንወስድም እያሉ ነበር። ከዲሮ ይህን ሁሉ ለወሬ መክፈቻ ሊያደርገው ደጋግሞ ሞከረ። «አቡያ፣ ገብሱ ዘንድሮ እንዴት ነው?» አላቸው፤ የእናቱን ወንድም እንዲህ ነው የሚጠራው። ሁሴኖ «ይመስገነው» አሉና ቀጠሉ። የአረቡ ሻይ ቤት በር ላይ ሲደርሱ፣ ትኩስ ነገር እንቅመስ አለ። በአምስት ሳንቲም የሚገኝ አንድ ብርጭቆ ሻይ እንኳ ከእሱ እጅ አልተቀበሉም። ከፊት ከፊት ይሄዳሉ፤ ጀርባቸው ቡልኮው ውስጥ ቀጥ ብሏል። ከዲሮ ይህን ጀርባ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። አባቱ ሲሞት ሕፃን ነበርና በዚህ ጀርባ ታዝሎ ነው ወንዝ የተሻገረው። አሁን ጀርባው ከፊቱ እየሄደ ፊታቸውን ማየት አልቻለም።

ሜዳው አፋፍ ላይ ሁሴኖ ወደ ሰዎቻቸው ሄዱ፤ ከዲሮም ወደ ድንኳኑ። የግብር ሹሙ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከድንኳኑ በር ላይ ቆመው ወንበር ሲያስደረድሩ አገኛቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ለሠራተኛ በዓል ሲመጣ ሥጋ የሚልኩ፣ የታመመ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ግን ጡረታቸው ቀርቧልና ነገር ሁሉ ሳይንኮሻኮሽ እንዲያልቅላቸው ይፈልጋሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው እንግዳ ከባድ ሰው መሆኑን፣ ስለ አዲሱ የጤና ግብር ሊያስረዳና በዚያ ላይ ሕዝቡ ለክሊኒክ ማሠሪያ ተጨማሪ መዋጮ ይችል እንደሆነ ሊያይ እንደመጣ ነገሩት። የመዋጮውን ውሳኔ አስቀድሞ ጽፎ ይዞታል፤ የቀረው ማንበብ ነው አሉት። ከዚያም ጠጋ ብለው፣ «ዛሬ ረጅም ወሬ አልፈልግም፣ ከዲሮ። ሕዝቡ እሺ ይበል፣ አንተም እሺ ብሏል በል፤ በሰላም እንለያይ» አሉት። ከዲሮ እንደ ወትሮው እሺ አለ። የእሺታው ጣዕም ግን ዛሬ አፉ ውስጥ እንደ ገብስ ገለባ ሆነበት።

ሜዳው በሰው ጢም ብሎ ነበር። ወንዶቹ በቡልኮና በጋቢ ተጠቅልለው ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በግራ በኩል ለብቻቸው ሆነዋል፤ የአማራው መንደር ሰዎችም፣ የሀገሩ ተወላጆችም፣ የከተማው ነጋዴዎችም አሉ። ከበላያቸው የጭላሎ ተራራ ደመናውን እስከ ወገቡ ለብሶ ቆሟል። እንግዳው አቶ ኃይለመስቀል ከከዲሮ ግምት ውጪ የሆኑ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረጉ፤ የደጋው ብርድ አስሏቸው በየመሃሉ ያስላሉ። ሲናገሩም አይጮኹም። ግብር ማለት እንደ ዕድር ነው አሉ፤ ሁሉም ያዋጣል፣ ችግር የደረሰበት ይረዳበታል፤ ዕድሩ ግን የሚቆመው ዳኛው ሲታመን ነው። ከዲሮ ተረጎመ። ለዕድር በአካባቢው የሚባለውን ቃል ፈልጎ አገኘና ሰዎቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይቶ ደስ አለው። ነገሩ እንደ ቅባት እየሄደ ነበር። አቶ ወልደ ጊዮርጊስም ተዝናንተው እግራቸውን አነባበሩ።

ከዚያ እንግዳው መነጽራቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፤ «አንድ ነገር ልጠይቅ። ባለፈው ዓመት ለዚህ አውራጃ ሰዎች ትምህርት ቤት ታስቦ ነበር። ነገር ግን ሲጠየቁ ምንም ቅሬታ የለንም፣ የምንፈልገው የለም አሉ ተብሎ ስለደረሰን ለሌላ አውራጃ ሰጠነው። ዛሬስ ሐኪም ትፈልጋላችሁ? ወይስ እሱንም አትፈልጉም?»

ከዲሮ ዓረፍተ ነገሯን አወቃት። በዝናብ ዋዜማ ለማሳጠር ብሎ የጣላት አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ እሱ ረስቷት ሳለ፣ አዲስ አበባ ደርሳ፣ ትምህርት ቤት አፍርሳ፣ በዚህ መነጽር ባደረገ ሰው አፍ ተመልሳ መጥታ ከፊቱ ቆመች። ጃንጥላ ነኝ ሲል የኖረው ሰው፣ ዝናቡንም ከእርሻው ላይ ከልክሎት እንደኖረ ገባው። ማምለጫው ግን ቀላል ነበር። «ሐኪም ትፈልጋላችሁ ወይ?» ብሎ የመጨረሻዋን ብቻ ቢተረጉም ሁሉም «እንፈልጋለን» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። አቶ ወልደ ጊዮርጊስም ይህንኑ በዓይናቸው አሉት። ከዲሮ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ሁሴኖ ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። የሚመለከቱት ፊቱን ሳይሆን አፉን ነበር፤ ከጉድጓድ ምን እንደሚወጣ እንደሚጠብቅ ሰው።

ከመጀመሪያዋ ቃል እስከ መጨረሻዋ ተረጎመው። «የምንፈልገው የለም አላችሁ ተብሎ» የሚለውንም ሳይዘል፣ ሳያለዝብ።

መጀመሪያ የመጣው ጫጫታ አልነበረም። ከኋላ በኩል እንደ ነፋስ ያለ ነገር ተነሳና ሞተ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሁሴኖ በትራቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ። ቡልኮአቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ሲናገሩ ቁጣ የለበትም፤ ልክ ስለ ከብቶቻቸው የሚያወሩ ይመስላሉ። ከዲሮ ከጎናቸው ቆሞ፣ እንደ ልማዱ «እንዲህ ይላሉ» ሳይል፣ «እኔ» እያለ ቃል በቃል አስከተለ።

«ባለፈው ዓመት በዚሁ ሜዳ ላይ ቆሜ ተናግሬያለሁ። ቤቱን እኛ እንሠራለን፣ አንድ መምህር ላኩልን ብያለሁ። ይህን ያልሰማ ሰው እዚህ የለም። ያ ቃል እናንተ ዘንድ ካልደረሰ መንገድ ላይ የቀረ ነው።» ሁሴኖ ጨረሱት፤ ከዲሮም ጨረሰው። «መንገዱ ደግሞ ይሄው፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ቆሟል።»

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ሽማግሌው እርጅና ተጫጭኗቸዋልና ይህ አይሰማም፣ ወደ ጉዳያችን እንመለስ አሉ። እንግዳው እጃቸውን በትንሹ አንስተው አስቀመጧቸው። ዓይናቸው ከከዲሮ ላይ አልተነሳም።

«ይሄን እሳቸው ናቸው ያሉት ወይስ አንተ የጨመርከው?»

«እሳቸው ናቸው ያሉት፣ ጌታዬ።»

«መንገዱ የሚሉት ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሜዳው ሁሉ አማርኛ አይሰማም፤ የሆነውን ግን ሁሉም ተረድቶታል። ከዲሮ አሁን ፖሊስ ይጠራል፣ ወይም ጥፊ ይመጣል፣ ወይም ስብሰባው ተበትኖ ሁሉም በየቤቱ ይሄዳል ብሎ ጠበቀ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስ ከእነዚህ ሌላ ሲሆን አይቶ አያውቅም። እንግዳው መነጽራቸውን አወለቁ። ሳላቸውን ዋጡ። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ የነበረውን፣ ሊያነቡት ያመጡትን ውሳኔ አንስተው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ የተወሰነው ባልተባለ ነገር ላይ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። «በዚህ ላይ ቆሜ መዋጮ ልጨምር አልችልም።» ከዚያ ቀና ብለው ከዲሮን፣ «ይህንንም ተርጉምላቸው» አሉት።

ከዲሮ መተርጎም አቃተው። ቃሉ ጠፍቶበት አልነበረም። ቋንቋው በሙሉ በእጁ ነው፤ ነገር ግን ሹም ተሳስተናል ሲል ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ያንን የሚያወጣ ልማድ አፉ ውስጥ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቆመ። በሦስተኛው ሲያወጣው የገዛ ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች እርስ በእርስ ተያዩ። አንዱ የሰማውን ያላመነ ይመስል፣ ድገመው አለው። ከዲሮ ደገመው። ያን ጊዜ በሜዳው ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ደስታ አይባልም፣ ፍርሃትም አይባልም። የለመዱት ተራራ ከቦታው ፈቀቅ ሲል እንዳዩ ሰዎች ነበር የሆኑት።

እንግዳው ወንበሮቹ ከድንኳኑ እንዲወጡ አደረጉና ሕዝቡ መሃል መጥተው ተቀመጡ። ከመካከላችሁ አማርኛ የሚሰማ፣ እናንተም የምታምኑት ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሀሰኖን አሳዩዋቸው። ሀሰኖ ከከዲሮ አጠገብ ቆሞ፣ የተጣለ ወይም የተጨመረ ቃል ከሰማ እጁን እንዲያነሳ ተነገረው። ከዲሮን ሊቀይሩት ይችሉ ነበር፤ አልቀየሩትም። ለምን እንዳልቀየሩት እሱም አልገባውም። «ከመጀመሪያው እንጀምር» ብቻ ነበር ያሉት።

ተጀመረ፤ እስከ አሥር ሰዓት አላበቃም። ከዲሮ በዚህ ሁሉ ዓመት ሰዎቹን ሰምቻለሁ ብሎ ያስብ ነበር። እስከ ዛሬ ሲሰማ የነበረው ግን የሚያሳጥረውን ነበር፤ ገና ሲናገሩ የትኛውን እንደሚጥል እየመረጠ ነበር የሚያደምጣቸው። አሁን የሚጥለው ነገር ስለሌለ ሁሉንም መሸከም ግድ ሆነበት፤ ሸክሙም ከበደው። አንድ የአማራው መንደር ገበሬ፣ ለእኛስ ቢሆን ማን ጠይቆን ያውቃል፣ መቼ አማርኛችን ጠቀመን አለ፤ ይህንን ደግሞ ከዲሮ ለኦሮሞዎቹ ተረጎመላቸው፤ ከወዲያ በኩል የሚስማማ ማጉረምረም ተሰማ። አንድ ወጣት፣ መዋጮ ከመጨመራችሁ በፊት የከፈልነው ምን እንደሠራ አሳዩን አለ። እንግዳው፣ ላሳያችሁ የምችለው ጥቂት ነው፣ እሱም አሰላ ብቻ ነው ብለው መለሱ፤ ሀሰኖ እጁን አላነሳም።

ከሴቶቹ መካከል ሀሊሜ የምትባል መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት ተነሳች። ስብሰባ ላይ ሴት ስትናገር ያልለመዱ ወንዶች ሊያስቀምጧት ሞከሩ፤ ሁሴኖ በትራቸውን መሬቱ ላይ መታ ሲያደርጉ ወንዶቹ ተዉአት። ሀሊሜ ስለ ልጇ ተናገረች። ምጥ ይዟት፣ በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ ወንዝ ሞልቶ ከዳር አድረው፣ ጠዋት አሰላ ሲገቡ ተሸካሚዎቹ አንድ ሰው ብቻ ተሸክመው እንዳልነበር፣ ሁለት ሬሳ እንደነበር። ክሊኒኩ አሰላ ላይ ከሆነ ለእኔ የለም ማለት ነው፤ ወንዙን ተሻግሮ ከሆነ ግን ዛሬውኑ ጠይቁኝ፣ ካለኝ ላይ አልሰስትም አለች። ከዲሮ ሁሉንም ተረጎመ። ቃሬዛውን ያውቀዋል። ያን ቀን ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሁሴኖ እንደነበሩ እናቱ ነግራዋለች፤ እሱ ግን ያን ሰሞን ከሹሙ ጋር ለሥራ ጮሌ ወረዳ ወርዶ ነበር። እንግዳው ከሚጽፈው ጸሐፊያቸው ብዕሩን ተቀብለው ራሳቸው ጻፉ።

ሊለያዩ ሲሉ አንድ ነገር ብቻ ቃል ገቡ። ይሆናል አልላችሁም አሉ፤ እኔ ብቻዬን የምወስነው አይደለም፤ ያላችሁትን እንዳላችሁት አደርሳለሁ፤ ከመስቀል በኋላ እዚሁ ሜዳ መጥቼ የሆነውን እነግራችኋለሁ፣ ቢሆንም ባይሆንም። ሁሴኖ በሁሉም ስም መለሱላቸው። ከዲሮም፣ «እናያለን ነው የሚሉት» አለ። ለማሳመር አንዳች አልጨመረም። እንግዳውም ፈገግ ብለው፣ ልክ ናቸው አሉ።

አቶ ወልደ ጊዮርጊስ ሰው ሁሉ እስኪበተን ጠበቁ። ከዚያ ከዲሮን ወደ ጎን ጠርተው፣ ስድብ ሳይሰድቡ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ ነገሩት። ፊታቸው ላይ ከቁጣ ይልቅ ድካም ነበር። «እኔ እኮ ለሁላችንም ብዬ ነበር» አሉት። ከዲሮ አዎ፣ አውቃለሁ አላቸው፤ እሱም ለሁላችንም ብሎ ነበርና። ወደ መንገዱ ሲወጣ አጎቱን ከሰዎቻቸው ጋር ጋሪ ሲሳፈሩ አገኛቸው፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ሊሄዱ ነው። አጠገባቸው ሄዶ ቆመ። ሁለቱም የፈረሱን አንገት ሲያዩ ቆዩ። ጋሪው ሊነሳ ሲል ሁሴኖ ጎንበስ አሉለት።

«ጉሮሮህ ደርቋል» አሉት። «ቤት ስትገባ ትኩስ ነገር በማር ጠጣ።»

ክረምቱን ከዲሮ ኢተያ ከረመ። ሀሰኖ ከጎተራው አንድ ሥራ ሰጥቶት ጆንያ ሲያስመዝን፣ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና አሰላ እየገባ ዙቤዳን ሲያይ ቆየ። ኮቱን ሸጠው። የቤቱን ኪራይ ለመቻል አንዱን ክፍል አከራዩት። ሻይ ቤት ሲቀመጥ ስለ እንግዳው የሚወራውን ይሰማል፤ ብዙው ሰው ተመልሶ ይመጣል ብሎ አያምንም። ሹም ከመጣ ለመውሰድ ነው፣ የማይሰጥ ከሆነ ምን ሊያደርግ ይመጣል ይላሉ። ከዲሮም ልቡ ከእነሱ ጋር ነበር።

በጥቅምት ግን ላንድሮቨሩ መጣ። ሜዳው እንደገና ሞላ፤ የጭላሎ ደመናም ተገፎ ተራራው ራቁቱን ታየ። አቶ ኃይለመስቀል ይበልጥ ከስተዋል፤ ሳሉ አልተዋቸውም። ከአጠገባቸው ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጣቸው አዲስ አስተርጓሚ ቆሟል፤ ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ጎበዝ ልጅ። ከዲሮ ከኋላ፣ ከእህል ነጋዴዎቹ ጋር፣ ትከሻው ላይ የጆንያ ብናኝ እንዳለ ቆሞ ነበር። እንግዳው ገና ሊጀምሩ ሲሉ ሁሴኖ ተነሱና በበትራቸው ወደ ኋላ አመለከቱ። አዲሱ ልጅ፣ ምን እንደሚሉ ሲጠየቅ ፊቱ ቀላ፤ ቢሆንም ሳይሸሽግ ተረጎመው።

«የእኛ ሰው እዚያ ቆሟል፤ እሱ ይምጣ ይላሉ።»

ሰው መንገድ ለቀቀለት። ከዲሮ በመካከላቸው ሲያልፍ አንዳንዱ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፍ ነበር፤ ብናኙን ሊያራግፍለት ይሁን ሌላ አላወቀም። ከእንግዳው አጠገብ ቆመ። እሳቸውም ሰላም ብለውት ያለ መግቢያ ጀመሩ። የጤናው ግብር አዋጅ ነው፤ አይቀነስም አሉ። ከዲሮ ተረጎመ። ተጨማሪው መዋጮ ቀርቷል አሉ፤ ተረጎመ። ቤቱን እናንተ ከሠራችሁ መምህር ይላክላችኋል፣ ስሙም ተሰጥቶኛል አሉ፤ ከዲሮ ይህን ሲተረጉም የሴቶቹ ረድፍ ተነቃነቀ። ከዚያ እንግዳው ሀሊሜን በዓይናቸው ፈለጓት፤ አገኟት።

«ወንዝ ማዶ ስለተባለው ክሊኒክ ብዙ ተከራከርኩ» አሉ። «ለዘንድሮ አልሆነም።»

ከዲሮ ትንፋሹን ሳበ። የድሮው ጃንጥላ በውስጡ ሊዘረጋ ሲል ተሰማው፤ «እየታሰበበት ነው» ማለት ይቻላል፤ «በቅርቡ» ማለት ይቻላል። ሀሊሜ ታየዋለች።

«ሂን ታኔ» አለ። አልሆነም።

ሀሊሜ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ በጣም ያረጁ ሽማግሌ ጠየቁ፤ ከዲሮ ለእንግዳው ተረጎመ። «ይሄ ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣው፣ አልሆነም ለማለት ነው ወይ?»

«አዎ» አሉ አቶ ኃይለመስቀል። «እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።»

ከዲሮ መለሰላቸው። ሽማግሌው በሁለት ሰው ተደግፈው ተነሱና ቀጥ ብለው ቆሙ። ቀጥሎ ሁሴኖ ቆሙ። ቀጥሎ ረድፉ፤ ከዚያ የኋለኛው፤ ከዚያ ሀሊሜና ሴቶቹ፤ እስከ ሜዳው ዳር፣ እስከ ባሕር ዛፎቹ ድረስ ያለው ሰው ሁሉ ድምፅ ሳያሰማ ቆመ። በዚህ ምድር ሰው ለሹም የሚቆመው በግድ ነው፤ እንዲህ በፈቃዱ ሲቆም ግን ከዲሮ በዕድሜው አይቶ አያውቅም። እንግዳው ደንግጠው ወደ እሱ ዘወር አሉ።

«ምን አሉ?» አሉት።

ከዲሮ ሕዝቡን አየ፤ ከዚያ እሳቸውን።

«ምንም አላሉም፣ ጌታዬ» አለ። «ቆሙ።»